ለሞተው ጡሩምባ ይነፋል፤ ለፈረሰው ቤትስ?

በሰፈራችን አንድ ሰው ያረፈ እንደሆነ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባው ይነፋል። የእድሩ ለፋፊ በየበሩ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ፥ ብረት ድስቱና ሳህኑ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ገንዘብ ያዡም መዝገቡን ገልጦ ለቤተ ሰቡ የተወሰነውን ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጣል። ለዚህ ገንዘብ ማመልከቻ የጻፈ የለም፤ ደጅ የጠና የለም፤ ነገ ተመለስ የተባለም የለም። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ በየወሩ ሲከፍል ኖሯልና ገንዘቡ ምጽዋት ሳይሆን መብቱ ነው።

እንግዲህ ሞትን በዚህ ያህል ጥንቃቄ የምንጠብቅ ሰዎች፥ ጐርፍ ቤታችንን ጠርጎ በወሰደው ማግስት፥ ወይም መሬት ተንቀጥቅጣ ግድግዳችንን በጣለችው ማግስት ምን እናደርጋለን? ያን ጊዜ ጡሩምባ የለም፤ ገንዘብ ያዥም የለም። ያለው የሰው ፊት ማየት ብቻ ነው። የዛሬው ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም አደጋ የደረሰበት ሰው ቤቱንና ኑሮውን መልሶ የሚያቆምበት ገንዘብ ከየት ይገኛል? ደግሞስ መቼ ነው መፈለግ ያለበት?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ደቻቱን ያውቃል። ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ቀን ወንዝ ሳይሆን አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት ግን ከከተማይቱ በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች የዘነበው ዝናብ በዚሁ አሸዋ ላይ ወርዶ በእንቅልፍ ላይ የነበረውን ሕዝብ በድንገት አጥለቀለቀው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች አገር ከ300 በላይ ሰዎችንና እጅግ ብዙ ከብት ወሰደ።

አሁን በደቻቱ ዳር ትኖር የነበረች አንዲት እናት በአሳባችን እንሳል። ባሏ ሞቷል፤ ሦስት ልጆች አሏት፤ በሰፈሯ ጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች ታድራለች። ጐርፉ ነፍሷንና ልጆቿን ተወላት፤ ቤቷን፥ ዕቃዋንና ለነገ ገበያ የገዛችውን ሸቀጥ ግን ወሰደ። ይህች እናት ሦስት ዓይነት ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ሦስቱም በልዩ ልዩ ጊዜ ይመጣሉ።

የመጀመሪያው የሳምንቱ ነው፤ እሱም ዱቄት፥ ብርድ ልብስና ድንኳን ነው። ይህን ሕዝባችን አይነፍጋትም፤ እርዳታ ሰጪውም ፈጥኖ ይደርሳል። ሁለተኛው የወራቱ ነው፤ እሱም ክረምቱን የምታሳልፍበት ጣራ ነው። ይህ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፥ አንዳንድ ጊዜም ይዘገያል። ሦስተኛው የዓመቱ ነው፤ እሱም ጉልቷን መልሳ የምትዘረጋበት መነሻ ገንዘብ፥ ለገበሬው በሬ፥ ለልብስ ሰፊው መኪና፥ ለባለ ሱቁ የመደርደሪያ ሸቀጥ ነው። ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ዱቄቱ አልቆ ፎቶ ግራፍ አንሺው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሚመጣ ችግር ነውና ማንም አያየውም። ነገር ግን ሰውን ከተረጂነት የሚያወጣው ይህ ሦስተኛው ገንዘብ ብቻ ነው።

አንዳንድ አንባቢ፥ እድሯስ የት ሄደ? ጎረቤቶቿስ? ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እድር፥ በወሎ በኩል ቅሬ የሚባለው ማኅበር፥ ደቦና ዕቁብ እኛ ከማንም ሳንማር ያቋቋምናቸው የመረዳጃ ባንኮች ናቸው። በአዲስ አበባ እድር በጣም የተስፋፋው ከጣልያን ወረራ ወዲህ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ይኸውም የችግር ልጅ ስለ ሆነ ነው። ዕቁብም ቢሆን እጅግ የሚያኮራ ልማድ አለው። አንዱ ዕቁብተኛ ችግር የደረሰበት እንደሆነ ዕጣ የወጣለት ሰው ለእሱ ይለቅለታል።

ዳሩ ግን እድር የተሠራው አንዱ ሲወድቅ ዘጠና ዘጠኙ እንዲያነሡት ነው። መቶውም በአንድ ሌሊት የወደቁ እንደሆነ ማን ማንን ያነሣል? የዚህች እናት እድርተኞች ሁሉ የደቻቱ ዳር ሰዎች ናቸው። ገንዘብ ያዡ ራሱ ድንኳን ውስጥ ነው። የእድሩ ዕቃ ቤት ከነመዝገቡ ጐርፉ ወስዶታል። ዕቁቡም እንደዚሁ ነው፤ ዕጣው ቢለቀቅላትም ዕጣውን የሚሞላው ሰው የለም። ደቦም ቢሆን የሣር ጎጆ በነበረበት ዘመን ጎረቤት በአንድ ቀን ቤት ያቆም ነበር፤ የዛሬው ቤት ግን ቆርቆሮው፥ ሚስማሩና ሲሚንቶው ሁሉ በገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ ጉልበት ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ ጥፋቱ የጎረቤት ፍቅር ማጣት አይደለም። ፍቅሩ ሞልቷል፤ ነገር ግን ጎረቤት ሁሉ አንድ ዓይነት አደጋ በአንድ ቀን ደርሶበታል።

ታዲያ ወደ ባንክ ብትሄድስ? ባንክ መያዣ ይጠይቃል። መያዣው ደግሞ ጐርፍ የወሰደው ቤት ነው። ወደ አነስተኛ ብድር ተቋም ብትሄድ፥ አምስት ወይም ስድስት ሆናችሁ አንዳችሁ ለሌላው ዋስ ሁኑ ትባላለች። ይህ በደኅና ጊዜ እጅግ መልካም ሥርዓት ነው፤ ድሃን ያለ መያዣ ከብድር አድርሷልና። በአደጋ ጊዜ ግን ዋሶቿ ሁሉ እንደሷው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ናቸው። እንዲያውም የቀድሞ ብድር ካለባቸው ጐርፉ ሸቀጣቸውን እንጂ ዕዳቸውን አልወሰደላቸውም።

አበዳሪ ሁሉ እንዲህ በመያዣ ታስሮ ይቀራል ማለት ግን አይደለም። በዚህ ነገር በዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። ሚያዝያ 10 ቀን 1898 ዓ.ም. በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች፤ ቀጥሎም እሳት ተነሥቶ ብዙውን ክፍሏን በላው። በዚያች ከተማ አማዴዎ ጃኒኒ የሚባል የጣልያን ስደተኞች ልጅ ባንክ ከከፈተ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እሳቱ ሳይደርስበት የባንኩን ወርቅና ገንዘብ በጋሪ ጭኖ በላዩ ላይ የአትክልት ሣጥን ደርድሮ ከከተማ ወጣ። ሌሎቹ ባንኮች ብረት ሣጥናቸው ከእሳቱ ትኵሳት እስኪበርድ ድረስ መክፈት አቅቷቸው ሲጠብቁ፥ እሱ ወደብ ዳር ሁለት በርሜል አቁሞ ሳንቃ አጋደመበትና ማበደር ጀመረ። ላበደራቸው ሰዎች ዋስትና የሆነው ፊርማቸውና ጠባያቸው ነበር። ያ ትንሽ ባንክ ኋላ የአሜሪካ ባንክ የሚባለው ታላቅ ባንክ ሆነ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ስለ ደግነት ይጠቅሰዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። ጃኒኒ ያን ቀን ለማበደር የቻለው ሁለት ነገር አስቀድሞ በእጁ ስለ ነበረ ነው። አንደኛ፥ ገንዘቡን ከእሳቱ ክልል ውጭ አውጥቶ ነበር። ሁለተኛ፥ ተበዳሪዎቹን ከአደጋው በፊት ያውቃቸው ነበር። ማን ዓሣ እንደሚያጠምድ፥ ማን አትክልት እንደሚነግድ፥ ማን ቃሉን እንደሚያከብር ሲያጠና የኖረ ሰው ነበርና በዚያ ቀን ወረቀት አልፈለገም። ገንዘብ ከአደጋው ክልል ውጭ መኖሩና ባለ ጉዳዩ አስቀድሞ መታወቁ፥ እነዚህ ሁለቱ ነገሮች የመልሶ ማቋቋም ሥራ ሁሉ ምሰሶዎች ናቸው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከአደጋው ክልል ውጭ ያለ ገንዘብ ስንል መጀመሪያ የሚታሰበን መንግሥትና ለጋሽ ነው። የወሎው ረኃብ ካደረሰው እልቂት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ስሙም አሠራሩም በየጊዜው ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ይባላል። ሕዝቡም ለጋስ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት በደረሰ ጊዜ፥ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትን ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ደርቦ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። አገር ሁሉ አለቀሰ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ዐወጀ፤ እርዳታም ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ።

ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በእንባ የሚመጣ ገንዘብ በእንባ ይለካል። ሁለት መቶ ሰው ለሞተበት ይመጣል፤ ሰው ሳይሞት ዐሥር ቤት ብቻ ለፈረሰበት መንደር ግን አይመጣም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ግን ጎረቤቶቹ ዐሥርም ይሁኑ ዐሥር ሺህ ለእሱ ያው ነው፤ የሚያድርበት የለውም። እርዳታን መመኘት ነውር አይደለም፤ እርዳታን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ ግን፥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

ታዲያ አስቀድሞ የተዘጋጀ ገንዘብ በአገራችን ተሞክሮ ያውቃልን? አዎን፥ ተሞክሯል። የሚገርመውም ያው 1998 ዓ.ም. ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በዚያ ዓመት አክሳ ሪ ከሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ጋር ለኢትዮጵያ የድርቅ ኢንሹራንስ ተዋዋለ። የተከፈለው 930 ሺህ ዶላር ነበር፤ በ26 ጣቢያዎች የሚለካው ዝናብ ከተወሰነው በታች ቢወርድ ኩባንያው እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሊከፍል ነበር። በዓለም ላይ ለአስቸኳይ እርዳታ ሲባል የተደረገ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ውል ነው። ነገር ግን ያ ዓመት ዝናቡ መልካም ሆነና ምንም አልተከፈለም። እንዲያውም ውሉ የዝናብ ማነስን ሲጠባበቅ ደቻቱና ኦሞ በዝናብ ብዛት ሞልተው ሰው ወሰዱ። ኢንሹራንስ የሚከፍለው በውሉ ለተጻፈው አደጋ እንጂ ለደረሰው አደጋ ሁሉ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነገር የለም።

ይህን ትምህርት ደመወዝተኛውም ሊይዘው ይገባል። የእሳት ኢንሹራንስ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ቤቱ ከማናቸውም ነገር የተጠበቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ጐርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ በልዩ ስምምነት ካልተጨመሩ በስተቀር በተለመደው የእሳት ውል ውስጥ አይካተቱም። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ ካራቆሬን ጐድቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽና በፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው አስነሥቷል፤ የአዲስ አበባም ፎቆች ተነቃንቀዋል። ያን ሌሊት ከአልጋው ዘሎ ከተነሣው ሰው ውስጥ በማግስቱ ውሉን ገልጦ ያነበበው ስንቱ ይሆን?

ለኢንሹራንስ የሚከፍለው ደመወዝ ያለው ሰው ነው፤ ድሃው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ለዚህ መልሱ በ2001 ዓ.ም. በትግራይ በዓዲ ሐ በምትባል መንደር ተሰጥቷል። ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፥ ኦክስፋም አሜሪካና አንዳንድ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተባብረው ለጤፍ ገበሬዎች የድርቅ ኢንሹራንስ አቀረቡ። ገንዘብ የሌለው ገበሬ ክፍያውን በጉልበቱ እንዲከፍል ተፈቀደለት። እርከን እየሠራ፥ ብስባሽ እያዘጋጀ፥ የሠራበት ቀን ለኢንሹራንሱ ይታሰብለት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 200 ቤተ ሰቦች ገቡ። በ2004 ዓ.ም. ዝናቡ ባጠረ ጊዜ በአካባቢው ላሉ ከ1,800 ለሚበልጡ ገበሬዎች ተከፈለ።

እውነቱን ለመናገር፥ የተከፈለው በድምሩ ከ17 ሺህ ዶላር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲደርስ ዐሥር ዶላር እንኳ አይሞላም። በዚህ በሬ አይገዛም። ሌላም ጉድለት አለው። የሚለካው የአካባቢው ዝናብ እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ማሳ ስላልሆነ፥ መለኪያው ዘንቧል እያለ ማሳው የደረቀበት ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል። ነገር ግን ያ ትንሽ ገንዘብ ሲመጣ ማንም ደጅ አልጠናም፤ ማንም ልብሱን ቀዶ ድህነቱን አላሳየም። እንደ እድር ገንዘብ መብቱ ሆኖ መጣለት። እርከኑም በቦታው ቀረ፤ የሚመጣውንም ጐርፍ ያበርደዋል።

ይኸው አሳብ ከመንደር አልፎ በመንግሥታትም መካከል ሠርቷል። በአፍሪካ ኅብረት ሥር በ2005 ዓ.ም. የአደጋ መድን ተቋም ተመሠረተ። እሱም መንግሥታት እንደ እድርተኛ በየዓመቱ እየከፈሉ ድርቅ የደረሰበት ከማኅበሩ ሣጥን የሚቀበልበት ነው። በመጀመሪያው ዙር ኬንያ፥ ሴኔጋል፥ ኒጀርና ሞሪታንያ ከፈሉ። በ2007 ዓ.ም. ሦስቱ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች በድርቅ ምክንያት በጠቅላላው ከ26 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲቀበሉ ኬንያ አልተቀበለችም። ኬንያ ተጎዳች እንበልን? እድርተኛ በዓመቱ ውስጥ ከቤቱ ሰው ስላልሞተ ተጎዳሁ ይላልን? የሴኔጋል ሰማይ ሲደርቅ የኬንያ ሰማይ ሊዘንብ ይችላል፤ መረዳዳት የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የእድራችን መሠረት ትክክል ነው፤ አጥሩ ግን ጠባብ ነው። የደቻቱ ዳር እድር ከሩቅ ከተማ እድር ጋር ቢዋዋል፥ ከወርኃዊው መዋጮ ጥቂቱ ለሁለቱ የጋራ ሣጥን ቢቀመጥ፥ ጐርፍ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ሌሊት አይወስዳቸውም። የጋራው ሣጥን ከሰፋ በኋላም ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ለመዋዋል አንድ ድሃ ብቻውን የማያገኘውን ጉልበት ያገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው። የተገኘውም ገንዘብ በዚያው አሸዋ ላይ ያንኑ ቤት መልሶ ለማቆም የሚውል ከሆነ ለሚመጣው ጐርፍ መደገስ ስለሚሆን፥ ከገንዘቡ ጋር ከፍ ያለ ቦታም አብሮ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው ምሰሶ፥ ማለት ባለ ጉዳዩ አስቀድሞ መታወቁ፥ እናንተን ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ ይመለከታል። አደጋ በደረሰ ማግስት ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተጎጂውን ስም የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት ከወጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ጸሐፊ ነው። ያቺ እናት ሰልፉን ጠብቃ ፊቱ ስትቆም፥ የቤትሽ ካርታ የታለ? ይላታል። ቤቱ በሟች ባሏ ስም የተመዘገበ ሊሆን ይችላል፤ የጨረቃ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተከራይ ናትና ቤቱ የሌላ ሰው ነው። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም። አጭበርባሪ እንዳይገባ የተሰጠውን መመሪያ ይጠብቃል። ነገር ግን መዝገቡ ያለ እሷ ስም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ከየትም ይምጣ ከየት፥ ገንዘቡ በመዝገብ እንጂ በሰው ስለማይታደል እሷን አያገኛትም።

ይህን ጥፋት ለማስቀረት ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። ሰኔ ሳይገባ በጐርፍና በናዳ መንገድ ላይ ያለውን ቤት ሁሉ መዝግቦ፥ የነዋሪውን ስም፥ ተከራዩን ለብቻ፥ ባል የሞተባትን ሴት በራሷ ስም፥ እያንዳንዱም የሚተዳደርበትን ሥራ ጽፎ፥ አንዱን ቅጂ ከዚያ ወረዳ ውጭ ማስቀመጥ ነው። ዜጋውም በበኩሉ የውሉን፥ የመታወቂያውንና የዕቁብ ደብተሩን ቅጂ ሌላ ከተማ ባለ ዘመዱ ዘንድ ቢያኖር፥ ወይም በስልኩ ፎቶ ግራፍ አንሥቶ ቢልክ ወጪው ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

አንዳንድ ሰው፥ ጐርፍና መንቀጥቀጥ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ሰው ምን ያደርጋል? ይላል። ሞትም የእግዚአብሔር ሥራ ነው። አባቶቻችን ግን ሞት የእግዚአብሔር ነው ብለው ሬሳውን ሜዳ ላይ አልተዉትም፤ መዝገብ ገዙ፥ ዳኛ መረጡ፥ በየወሩ አዋጡ፥ ጡሩምባም ገዙ። ስለ ሞተው ሰው ያን ያህል ያሰቡ አባቶች ልጆች ነንና በሕይወት ለተረፈችው ለዚያች እናት ይህንኑ ማድረግ አያቅተንም። መጪው ክረምት ደጃፋችን ሳይደርስ፥ በዚህ ወር በሚደረገው የእድራችሁ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን አንሥቶ፥ ለፈረሰው ቤትስ? ብሎ ይጠይቅ። ያ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች አንዱ ቢሆን መልካም ነው።